ሦስቱም ኔጌቲቭ

በሚኒባስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ እናትና ልጅ ከሐኪም ቤት እየተመለሱ ነበር።

«ሐኪሙ የጡትሽ ምርመራ ሦስቱም ኔጌቲቭ ነው ሲል ሰምቻለሁ። አልሐምዱሊላህ!»

«እማዬ፣ ካንሰሩማ አለ። ኔጌቲቭ ማለት መድኃኒት የሚይዝባቸው ሦስቱ ነገሮች ካንሰሩ ላይ የሉም ማለት ነው።»

«ያቺ ጡቷን የታመመችው ጎረቤታችን የምትውጠው ኪኒንስ?»

«ለኔ አይሠራም። ያለኝ ኬሞ ብቻ ነው።»

«እሱ ያድንሻላ?»

«ሳንባዬም ላይ ደርሷል። ትንሽ ዕድሜ ቢጨምርልሽ ነው አለኝ።»

«ያ ረቢ! እኔ እኮ ለአባትሽ ደውዬ ነፃ ነች ብያለሁ። ጎረቤት ሰብስቦ ዱዓ እያስደረገ ነው።»

«ስትደውይ አጠገብሽ ነበርኩ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ደስ ሲልሽ አየሁና አንጀቴ አልችል አለ።»

መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።