የካቡ ውሃ

«በእኛ ጊዜማ ቧንቧ ስር ጀሪካን ደርድሮ መቆዘም የለም! አስቀምጪው ሜሮን፣ አስቀምጪው፣ ሲመጣ ይመጣል። ቁጭ በይ። አያትሽም ይስማ፣ ወሬው የእሱ ነው፤ ባርኔጣውን አጥልቆ ጥግ የያዘው ያልሰማ ለመምሰል ነው።

በእኛ ጊዜ ውሃ ማለት ምንጭ ነው። ንጉሡ ገና አሉ፣ እዚህ ኮልፌ ሁሉ ባሕር ዛፍ ነው፣ አየር ጤናም እንዲህ ጋራዥ በጋራዥ አልሆነም። እና ባለርስቱ አንድ ቀን ተነሣና ምንጩን አጠረው። «ምነው ጌታዬ?» ቢባል፣ «ከብቶቼ ይጠጡበታል» አለ። ታዲያ ከብቶቹ ይጠጣሉ፣ እኛ እንስራ አዝለን ወንዝ ድረስ እንወርዳለን። እናትሽ ሆዴ ውስጥ ናት፣ ገፍታለች። ሆዴ ከፊት፣ እንስራው ከኋላ፣ እኔ መሀል። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ አንሸራተተኝና ዘጭ አልኩ፣ እንስራው ብትንትን። ወልዴ፣ ይኸው አያትሽ፣ መጣ። እኔን አየ፣ ስባሪውን አየ።

«በቃ» አለ።

«ምኑ ነው በቃ?»

«ሁለተኛ ውሃ አትሸከሚም።»

«ታዲያ ምን ልጠጣ፣ ምራቅህን?»

ስባሪውን ይለቅም ጀመር። ወልዴ ዝም ካለ ፍሪ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ «ካቡ ላይ ውሃ አለ» አለኝ። ካቡን አታውቂውም አንቺ። ኮረብታው አናት ላይ ያለው የድሮ ምሽግ ነው፤ የየትኛው ንጉሥ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ አንዱ የእገሌ ነው ይላል፣ ሌላው የለም የእገሌ ነው። «ወታደር ውሃ የሌለበት ምሽግ አይሠራም። ምን እየጠጡ ተዋጉ?» አለኝ። እውነት መሰለኝ። እግሬ አብጦ ነበር፣ ያን ሰሞን ሁሉ ነገር እውነት ይመስለኛል።

ወጣን። እሱ ከሚሠራበት ጣውላ ቤት ያመጣውን ገመድ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ፣ ሻማ ኪሱ ከቶ፣ እኔ ሆዴን ደግፌ። መጀመሪያ ቦይ አለ፣ ቀጋ የሞላው። ቀጥሎ ግንብ። ድንጋዩ ያለ ጭቃ ነው እርስ በርሱ የተያዘው፣ ቢላ አያስገባም። በሩ ግን የለም! እንዞራለን፣ ግንብ። እንዞራለን፣ ግንብ። ሽኮኮ ከላይ ሆኖ ያየናል። «ወልዴ፣ እነዚህ ሰዎች በየት ነበር የሚገቡት?» ስለው፣ «ሰው እንዳይገባ ነዋ የሠሩት» ይለኛል! በኋላ አንዱ ጎን ፈርሶ አገኘን፣ በእጅም በጉልበትም ገባሁ። ውስጡ ሣርና አንድ የደረቀ ግንድ ብቻ ነው። እሱ አንድ ቦታ አይቆምም፣ እዚህ ይረግጣል፣ እዚያ ይረግጣል፣ ጆሮውን መሬት ላይ ይለጥፋል። ታዲያ አንዱ ጋ ሲረግጥ ድም አለ።

ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። በእንጨት ፈነቀልነው። ክብ ጉድጓድ፣ አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ጨለማ።

«አላልኩሽም?»

ወልዴ እንሰት አገር ነው ያደገው። በእሱ አገር ጉድጓድ የሚቆፈረው ለቆጮ ነው፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ጉልበት እንኳ አያልፍም። ጥልቅ ጉድጓድ ሲያይ ከውሃ ሌላ ምን ይምጣበት? ገመዱን ግንድ ላይ አሰረ፣ ወገቡን አሰረ፣ ሻማውን ለኮሰና ገባ።

«ሻማው ጠፋ!» አለኝ ከታች።

«ለኩሰዋ!»

ዝም።

ይኼኔ በፈረሰው በኩል አዴ ጫልቱ መጣች፣ ጎረቤታችን፣ አህያዋን ጭራሮ ጭና። «በዚህ ሆድሽ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ወልዴ ውሃ እያየ ነው።»

ጎንበስ ብላ የጉድጓዱን አፍ በጣቷ ፋቀች። ጭድና ጭቃ የተለሰነ ነው። ፊቷ ተለወጠ። «ዋቃዮ! የእህል ነው! ይኼ የእህል ጉድጓድ ነው! ተከፍቶ ሳይተነፍስ ማን ይገባል? አየሩ ይገድላል! አውጪው!»

«ወልዴ! ኧረ ወልዴ!»

ብንጎትት አይንቀሳቀስም። ጭራሮውን በትና ገመዱን አህያዋ ላይ አሰረች። አህያዋ ቆመች! ትሰሚያለሽ? ሰውዬው ከታች እየሞተ አህያ ሣር ትነጫለች! አዴ ጫልቱ በዱላ፣ እኔ በጩኸት፣ በኋላ ተነሣች፣ እና ወልዴ እንደ ጆንያ ወጣ። ከንፈሩ ጠቁሯል። በጥፊ መታሁት፣ በነጠላዬ አራገብኩት። ዓይኑን ገለጠና መጀመሪያ ምን አለ? «ሻማው ላይ ውሃ ጠብ አለበት» አለኝ። ሞቶ ተነሥቶ!»

— ጠብ ብሎበት ነው የጠፋው፤ አሉ አያቴ ከጥጉ።

«አየሩ ነው ያጠፋው!»

— ጠብ ሲል ሰምቻለሁ።

«ይኸው! ዕድሜ ልኬን ይኸው! አዴ ጫልቱ፣ «ክፍቱን ይደር፣ ነገ በደንብ ይታያል» አለች። እኔ ግን ነገ የሚባል የለም፣ ክደኚው አልኳት። አባት የሌላት ልጅ ልወልድ ነው? ከደንነው።

በማግሥቱ ጠዋት ብነሣ አዲሱ እንስራ የለም። ወጥቼ ባይ፣ ወልዴ ጀርባው ላይ አዝሎት ዳገቱን ይመጣል። ወንድ እንስራ አዝሎ! ሰፈሩ በሳቅ ሞተ፣ «የወልዴ ሚስት» ብለው ስም አወጡለት። አልተወም። ቧንቧ እስኪገባ ድረስ ውሃ በእኔ ጀርባ አልወጣም። በአፉ የወጣ ነገር አይመለስም፣ ምን ታደርጊዋለሽ። አሁንማ እኔም አርጅቻለሁ፣ ትናንት ጀሪካን ይዤ ከጎረቤት ስመጣ በመስኮት ቆሞ ሲያየኝ...

ወልዴ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትተህ ምን ልታደርግ ነው? ልብሱ አልደረቀም እኮ!»

— ሻማ የት ነው ያለው?

— መሳቢያው ውስጥ ነው አባባ፤ አልኩ።

«ምን ብለሽ ነገርሽው አንቺ! ወልዴ! በዚህ ጉልበትህ ካቡን ልትወጣ! ወልዴ!»

በሩ ተዘጋ።