የትሎቹ ክፍል አደራ

እባካችሁ አንዴ ጸጥ! ልጆቹን ዝም በሉ ስንል ውለን ራሳችን እናስቸግር እንዴ?

እትዬ፣ እዚህ ትምህርት ቤት የገቡበትን ቀን ዛሬ በጡረታ መሸኛዎ ላይ ባላነሳ የበሩ ጥበቃችን አይለቁኝም። ሰውየው እርስዎን ባልዲና መኮትኮቻ ይዘው ሲያዩ አዲሷ አትክልተኛ መስለዋቸው፣ "አበባው በዚያ በኩል ነው" ብለው አሳዩዎት። እርስዎም አመስግነው ቁፋሮውን ተያያዙት። ርዕሰ መምህሩ "የሳይንስ መምህሯ ገና በመጀመሪያ ቀኗ ቀረች!" እያሉ ሲብከነከኑ፣ ከአበባው መሀል "እዚህ ነኝ ጌታዬ! አንዱ አምልጦኝ ነው" የሚል ድምፅ መጣ። ያመለጠው የመሬት ትል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለንም። ዝናብ ባባራ ቁጥር "ማንም እንዳይራመድ! ትሎቹ መንገድ ላይ ወጥተዋል" ይላሉ፤ ርዕሰ መምህሩ ሳይቀሩ ባንድ እግራቸው ቆመው ይጠብቃሉ። ስብሰባ ላይ የምሳ ዕቃዎን ሲከፍቱማ አጠገብዎ የሚቀር የለም። ምሳ ይሁን የነገው ትምህርት ማን ያውቃል? እኔን ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ ትል ካየሁ ወንበር ላይ ነኝ። "አይዞሽ ልጄ፣ ጥርስ የለውም" ይሉኛል። የጥርሱ ነገር መቼ አስጨነቀኝ!

አሁን ቁም ነገር ልናገር። አንድ ቀን አንድ ተማሪ፣ ትል ሲቆረጥ ሁለት ይሆናል ሲባል ሰምቶ፣ ክፍል ውስጥ በአፈር ሣጥን ከሚያኖሯቸው አንዱን በማስመሪያ ቆረጠው። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። እርስዎ ግን አልተቆጡም። አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ "ማወቅ ፈልገህ ነው አይደል? ትልልቅ ሰዎችም እንዲያ ይላሉ። ግን ሁለት አይሆንም የኔ ልጅ፣ ይጎዳል" አሉት። እሱ እያለቀሰ፣ አብረውት ትሉን አፈር አለበሱት። በማግስቱም "የቀሩትን ውሃ የምታርከፈክፍላቸው አንተ ነህ" ብለው ጣሳውን ሰጡት።

ያ ልጅ የኔ ልጅ ነው። ያን ቀን ቤት ገብቶ "እማዬ፣ ቲቸር አሁንም ትወደኛለች" ያለኝን እስክሞት አልረሳውም። አመሰግናለሁ እትዬ።

ትናንት፣ እርስዎን የምተካው እኔ ነኝና፣ የክፍሉን ቁልፍ ሲያስረክቡኝ "ትሎቹን እንዴት ላደርጋቸው ነው?" ብል፣ "የትሎቹን ነገር ልጆቹ ያሳዩሻል። አንቺ ልጆቹን አደራ፤ ሲያጠፉ ጠይቂያቸው እንጂ አትጩኺባቸው" አሉኝ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ምስክር ፊት አደራዎን ተቀብያለሁ። ብርጭቆ አንሱ! እትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ጓሮዎን የልጅ ልጅ ይሙላው። እናንተም ሰኞ ጠዋት ከዚያ ክፍል ጩኸት ከሰማችሁ አትደንግጡ፣ እኔ ነኝ። ልጆቹ ላይ ግን አይደለም። ለጤናዎ!