ነቀዝ ደጅ አይጠናም

በኛ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲህ እንደ ዛሬው ማታ ማታ በቴሌቪዥን ብቅ አይልም ነበር፤ እኔ ግን አይቻለሁ፣ ፓስታ ሲሸጥ አይቻለሁ። ምን ያስቃችኋል? እናንተ የአዲስ አበባ ልጆች ናችሁና በአማርኛ ነው የማወራችሁ፤ ትምህርቴ የማታ ነው፣ እሱም ፊደሉን ሳልጨርስ ዳሩኝ። ስሳሳት አትሳቁብኝ፣ ሲያስቅ ሳቁ።

ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው አሉ፣ አንዷ እዚሁ አሥመራ፣ ጸጸራት ሰፈር ናት፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንሳሳማለን። እኛ "ጠቅላይ" ነበር የምንላቸው። እውነቱን ልንገራችሁና ሙሉ ጠቅላይ ሚኒስትርም አልነበሩም። በፌዴሬሽኑ ጊዜ አሥመራ የራሷ መንግሥት፣ የራሷ ምክር ቤት ነበራት አይደል፣ ታዲያ ዋናው ሹም ለሆነ ጉዳይ ባሕር ማዶ ሲሄዱ እሳቸው ወንበሩን ለአንድ ክረምት ጠበቁላቸው። አንድ ክረምት! ዝናቡ ሲያባራ ዋናው መጡና ወንበራቸውን ወሰዱ፤ እሳቸው ግን ስሙን አልመለሱም። ሚስታቸው እንኳ ሠራተኛዋን "ክቡርነታቸው ምሳ በሉ?" እያለች ነበር አሉ የምትጠይቃት።

ግን ሰው አይናቅም። ንግግር ያውቁ ነበር፣ ምክር ቤት ቆመው ሲናገሩ ዝንብ አይበርም ይባላል። ታዲያ ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፣ ባንዲራው ወረደ፣ ምክር ቤቱ ተዘጋ፣ እኛም ጠቅላይ ግዛት ተባልን። እሳቸውን አዲስ አበባ ጠርተው አማካሪ አደረጓቸው። ሄዱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ኋላ ስንላመድ "ምን አማከሩ ክቡርነትዎ?" ብላቸው፣ "የጠየቀኝ የለም" አሉኝ። ፖለቲካቸው እዚህ ላይ አለቀ።

እና ምን ያድርጉ? አንድ ጣሊያን አገሩ ሊገባ ሲል ፓስታ መሥሪያውን ሸጠላቸው። እኔ ያኔ ባሌ ሞቶ፣ ሁለት ልጅ ይዤ ዓኽርያ ሰፈር ነው የምኖረው፤ ለዚያው ጣሊያን ፓስታ ቆራጭ ነበርኩ። ማኪናው ረጅም ረጅሙን ሲያወርደው በሸምበቆ ላይ እንሰቅለዋለን፣ ሲደርቅ እንቆርጠዋለን። ከማኪናው ጋራ እኛንም ሴቶቹን ገዙን በሉት። ደስ አለን! "ጠቅላይ ሚኒስትር ጌታ አገኘን፣ ከእንግዲህ ማን ይነካናል" አልን። ዋይ ኣነ!

የጣሊያኑ ክፍል መስታወት ነበር፣ እሱም እኛን ያያል፣ እኛም እሱን እናያለን። እሳቸው መጀመሪያ ያደረጉት ምንድን ነው፣ መስታወቱን መጋረጃ ጋረዱበት። ቀጥሎ ከበሩ ፊት ረጅም አግዳሚ ወንበር አስቀመጡ። ቀጥሎ ሃብቴ የሚባል፣ በሹመታቸው ጊዜ በር ያስከብርላቸው የነበረ ሰውዬ፣ ከነካፖርቱ አምጥተው በሩ ላይ ገተሩት። የፓስታ ፋብሪካ እኮ ነው! ዱቄት ነው! ሃብቴ በጥቁር ካፖርት ቆሞ እስከ ቀትር እንደ ወፍጮ ቤት አህያ ነጭ ይሆናል።

ታዲያ ሳልሕ የሚባል የመናዊ ነበር፣ እኛው ሰፈር ሱቅ ያለው፣ ከጣሊያኑ ጊዜ ጀምሮ ፓስታ በካርቶን የሚወስድ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል መጣ። የአሥመራ ሰው በጾም ፓስታ በቲማቲም ሱጎ ካልበላ ምን ይበላል? ሳልሕ እንደ ልማዱ ሰተት ብሎ ሊገባ ሲል ሃብቴ እጁን ዘረጋ።

"ጉዳይዎ?"

"ፓስታ።"

"ፓስታ መሆኑን አውቃለሁ። ስለ ፓስታ ምን?"

"ስለ ፓስታ ልግዛ!"

"ይቀመጡ። ክቡርነታቸው ስብሰባ ላይ ናቸው።"

ስብሰባ! እኔ በመጋረጃው ጥግ አያቸዋለሁ፣ ብቻቸውን ጋዜጣ እያነበቡ ነው። ሳልሕ ተቀመጠ። ቀትር ሆነ፣ ሃብቴ ወጣና "ነገ ይመለሱ" አለው። ሳልሕ በነጋታው ተመለሰ፣ ተቀመጠ፣ ሃብቴ ደግሞ ምን ቢለው ጥሩ ነው? "ለመሆኑ በጽሑፍ አቅርበዋል?" ሳልሕ ተነሣ፣ ሽርጡን አራገፈና "ወላሂ፣ እኔ ማካሮኒ እንጂ ሹመት አልጠየቅሁም!" ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ሌሎቹም ባለሱቆች እንዲሁ፣ አንድ ቀን ይቀመጣሉ፣ ሁለት ቀን ይቀመጣሉ፣ ከዚያ አንዲት ጣሊያን ሲኞራ ወደምትሠራው ፓስታ ይዞራሉ።

እና መጋዘኑ ሞላ። ሃብቴም ለኛ "ፓስታው ካልወጣ በፋሲካ ሴቶቹ ይሰናበታሉ ተብሏል" አለን፣ እንደ አዋጅ አንብቦ። ሁለት ልጅ ይዤ ወዴት ልሂድ? ካርቶን ልቆጥር ብዬ አንዱን ብከፍት፣ ዱቄቱ ይንቀሳቀሳል። ነቀዝ! እፍኝ ዘግኜ ወደ ክፍሉ ሄድኩ።

"ጉዳይሽ?" አለኝ ሃብቴ።

"ሃብቴ፣ እኔን ነው ጉዳይሽ የምትለኝ? ሸምበቆ ላይ ስሰቅል ስታየኝ አልዋልክም?"

"ተቀመጪ፤ ስብሰባ..."

ገፍቼው ገባሁ። አዎ ገፋሁት፣ ቀጭን ነበር።

"ማን አስገባሽ?" አሉኝ ጋዜጣውን ሳያወርዱ።

"ነቀዙ አስገባኝ ክቡርነትዎ። እሱ ደጅ አልጠናም፣ ቀጥ ብሎ ነው የገባው" ብዬ እፍኜን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረገፍኩት። ነቀዞቹ በጋዜጣው ላይ መራመድ ጀመሩ። እሳቸው አዩአቸው፣ አዩአቸው፣ እኔ አሁን አባረሩኝ ስል ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"ለተብርሃን፣ ቤቴ ድሮ ጠዋት ጠዋት ሰው ይሞላው ነበር። አሁን ውሻ እንኳ አይጮኽበትም። ያ አግዳሚ ላይ ሰው ተቀምጦ ሳይ ያለሁ ይመስለኛል።"

ሰውዬው ለካ ፓስታ አልነበረም የጎደላቸው፣ የሚጠብቃቸው ሰው ነበር። ግን ልጆቼ ትዝ አሉኝና "ክቡርነትዎ፣ እነሱ ካልመጡ እርስዎ ይሂዱላቸው፣ ሳልሕ ሱቁ ሩቅ አይደለም" አልኩ።

"እኔ? ዓኽርያ? ሱቅ?"

"እወ፣ እርስዎ። አለዚያ የነቀዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሁኑ።"

ተቆጡ፣ ቀሉ፣ ኋላ ግን ባርኔጣቸውን አነሡ። ያልነቀዘውን ካርቶን በጋሪ አስጭነን፣ እሳቸው በክራቫት፣ እኔ በሽርጥ ከኋላ፣ ዓኽርያ ገባን። ሳልሕ ከሩቅ አየን። ስኳር እየመዘነ ነበር፣ ሚዛኑን አስቀምጦ ከባንኮኒው ጀርባ ዞር አለና፣ እንግዲህ ዓረብኛና ትግርኛ ደባልቆ ነው፣ እኔ በአማርኛ ላድርግላችሁ፣

"መርሐባ ጠቅላይ! እዚያ ጆንያው ላይ ይቀመጡ። ስብሰባ ላይ ነኝ" አለ።

"ከማን ጋር?" አልኩት እኔ።

"ከድመቴ ጋር።"

እውነትም ድመቷ ከሳጥኑ ላይ ተጋድማለች። እኔ ደሜ ፈላ። "ኣንታ ሳልሕ!" ብዬ ልጀምር ስል እሳቸው በእጃቸው ዝም አሰኙኝና፣ ክራቫታቸውን አስተካክለው ሽንኩርት ጆንያው ላይ ቁጭ አሉ። ከበሩ ፊት፣ መንገድ ላይ! እኔ ፊቴን የምደብቅበት አጣሁ።

ታዲያ ዓኽርያን ታውቋት የለ፣ አንዲት ዶሮ ብታስነጥስ ሰፈሩ ይሰበሰባል። "ጠቅላይ ናቸው!" "የትኛው ጠቅላይ?" "የክረምቱ!" እያሉ መጡ፣ እጅ ነሱ፣ ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ባርካይ የሚባል ሽማግሌ ከመሃል ወጣና ከፊታቸው ጎንበስ አለ።

"ጌታዬ፣ የመሬቴ ነገር ነበር..."

"አባባ፣ እኔ እኮ አሁን መንግሥት አይደለሁም። ፓስታ ነኝ።"

"ፓስታም ቢሆኑ ይስሙኝ" አላቸው።

እና ሰሙት። ጆንያው ላይ እንደተቀመጡ፣ ያለ ሃብቴ፣ ያለ መጋረጃ፣ ከአያቱ ጀምሮ እስከ ድንበሩ ድንጋይ ሰሙት። ባርካይ ሲጨርስ ሌላዋ ጀመረች፣ እሷ ስትጨርስ ሌላው። በሩ በሰው ተዘጋ፣ የሳልሕ ደንበኛ መግቢያ አጣ። ሳልሕን ከውስጥ ያንገበግበዋል፣ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ አንገቱን አውጥቶ "ጠቅላይ፣ ስብሰባዬ አልቋል!" ቢል ማን ይስማው።

"ትንሽ ይጠብቁ፣ ሰው እያነጋገርኩ ነው" አሉት!

እኔ እዚያው ጋሪው ላይ ተደግፌ እስኪያመኝ ሳቅኩ። በመጨረሻ ሳልሕ ራሱ ሕዝቡን እየገፋ ወጥቶ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ተሸከመ። የቆመውም ሰው ባዶ እጁን እንዳይመለስ አፍሮ ነው መሰለኝ፣ እያንዳንዱ ፓስታ ገዝቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ባለሱቆች "ጠቅላይ እኛ ጋስ መቼ ይቀመጣሉ?" ማለት ጀመሩ፤ እሳቸውም ማክሰኞ እዚህ፣ ሐሙስ እዚያ፣ አንዳንዴ የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ቃኘው በር አጠገብ፣ በየሱቁ ደጃፍ ተቀምጠው ሰው ሲያነጋግሩ ፓስታው ሲሸጥ፣ ሲሸጥ፣ እኛም ፋሲካን በሥራችን ላይ ዋልን፣ ልጆቼም አደጉ። የነቀዘውን ነፍተን ለዶሮ ሰጠን። ሃብቴን አትጠይቁኝ፣ ካፖርቱን አውልቆ ጋሪ መግፋት ሲጀምር ሰውነት ሁሉ አወጣ።

ምን አልክ አንተ? የባርካይ መሬትስ? ኣይፋል፣ መሬቱ እንደሄደ ቀረ። እሳቸው ምን ሥልጣን አላቸውና! ባርካይ ግን እስኪሞት ድረስ "በሹመቱ ጊዜ ክረምቱን ሙሉ ደጁን ጠንቼ ፊቱን አላየሁም፣ ሽንኩርት ላይ ተቀምጦ ጨርሶ ሰማኝ" እያለ ይመርቃቸው ነበር። እኔ "መሬትህን ሳታገኝ ምን ይመረቃል?" ስለው ይቆጣኛል። አየህ ልጄ፣ ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሥልጣን ያለው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፣ የሚሰማህ ሰው ስታገኝ ደግሞ ፓስታ ነው የሚሸጠው። ሳቅ፣ አሁን ሳቅ፤ ይሄኛው ያስቃል።