የጋሼ ዘለቀ ጠርሙስ

ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የግል የምግብ ምርመራ ላቦራቶሪ፤ የኑግ ዘይት ፋብሪካ ባለቤቱ ጋሼ ዘለቀ ከላቦራቶሪው ኃላፊ ከትርንጎ ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል፤ በመካከላቸው አንዲት ጠርሙስ ዘይት።

ዘለቀ፦ በአንድ ሰዓት የሚያልቀውን ምርመራ ሁለት ቀን ምን ያስጎትተዋል? ዘይት እኮ ነው ያመጣሁልሽ፣ የጠፋ ከብት ፈልጊልኝ አላልኩሽ!

ትርንጎ፦ የአንድ ሰዓቱ ምርመራ ክሎሪን መኖሩን በጅምላ ነው የሚናገር። ከጨው ይምጣ ከማርሽ ቅባት፣ ለይቶ አያውቅም። ጥቂት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አያየውም።

ዘለቀ፦ ካላየው የለማ!

ትርንጎ፦ እንዲያማ ከሆነ ዓይኔን ጨፍኜ ልፈርምልዎ። እሱ አንድ ሰዓትም አይፈጅ።

ዘለቀ፦ የአዳሪ ትምህርት ቤቱ መኪና ግቢዬ ውስጥ ቆሟል። ወረቀት ካላየሁ አልጭንም ብሏል ሾፌሩ።

ትርንጎ፦ ደግ አደረገ። አራት መቶ ልጅ ነው የሚበላው።

ዘለቀ፦ እስከ ዛሬ የበላ ሞተ? እኔ ኑግ ስጨምቅ አንቺ አልተወለድሽም። ለቀባሪው አረዱት!

ትርንጎ፦ የመጭመቂያዎ ማርሽ ሳጥን ተሰንጥቆ ቅባቱ ዘይቱ ውስጥ ሲንጠባጠብ መክረሙን ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ያ ቅባት ክሎሪን አለበት፤ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይከማቻል እንጂ ቶሎ አይወጣም።

ዘለቀ፦ አሠራሁት አልኩሽ እኮ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አትውጪ።

ትርንጎ፦ መዋል አለመዋሏን የሚያሳየኝ ረጅሙ ዘዴ ነው። ስቡን በአሲድ አጥበን እናስወግዳለን፣ የቀረውን መሣሪያው አንድ በአንድ ይለየዋል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ሲባል አልሰሙም?

ዘለቀ፦ ዘይት ከፈሰሰ አይለቀምም። ተረቱንም አላወቅሽበት፣ የተማረች ተብለሽ!

ትርንጎ፦ እሱስ እውነትዎን ነው። ለዚህ ነው ሳይፈስ የምመረምረው። ናሙናውን ማን ቀዳው?

ዘለቀ፦ እኔ ነኛ።

ትርንጎ፦ ከየትኛው በርሜል?

ዘለቀ፦ ከ… በርሜል በርሜል ነው፣ ምን የትኛው አለው!

ትርንጎ፦ ጠርሙሱ በጥልፍ ፎጣ ተጠቅልሎ ነው የመጣው። ፋብሪካዎ ውስጥ ጥልፍ አለ እንዴ?

ዘለቀ፦ ፎጣም ትመረምሪያለሽ? እሺ፣ ከቤት ነው። የዓመቱን የመጀመሪያ ጭማቂ አንድ ጀሪካን ለቤት መውሰድ ከአባቴ የወረስኩት ወግ ነው። ሚስቴ የሻረግ ከዚያ ቀድታ ሰጠችኝ። ያው የራሴው ኑግ አይደል?

ትርንጎ፦ ማርሹ ሳይሰነጠቅ የተጨመቀውን ለእኔ፣ የተንጠባጠበበትን ለልጆቹ! አያፍሩም?

ዘለቀ፦ ብልጥ ስለሆንኩ ነው አንቺ ደመወዝ ስትጠብቂ እኔ ባለፋብሪካ የሆንኩት። በፈለግሽው ዘዴ ሥሪው፣ ንጹሕ ነው።

ትርንጎ፦ ሠርቼዋለሁ። ከትናንት ወዲያ እንዳመጡት በአጭሩም በረጅሙም ሠራሁት። እውነትም ንጹሕ ነው። የማርሽ ቅባት ዘሩ የለበትም።

ዘለቀ፦ ይኸው! አላልኩሽም? ሁለት ቀን ሙሉ አንጀቴን አሳርረሽ! በይ ፈርሚ።

ትርንጎ፦ ኑግም የለበትም።

ዘለቀ፦ ምን አልሽ?

ትርንጎ፦ የሱፍ አበባ ዘይት ነው፣ ከሱቅ የሚገዛው፣ ከውጭ የሚመጣው። ይሄን ለማወቅማ መሣሪያም አላስፈለገኝ። ክዳኑን ስከፍት አፍንጫዬ ነገረኝ።

ዘለቀ፦ ሐሰት! ሃያ ዓመት ሙሉ ከእኔ ኑግ በቀር ሌላ ዘይት ቤቴ ገብቶ አያውቅም።

ትርንጎ፦ ይክፈቱትና ያሽትቱት። ለቀባሪ አይረዳም።

ዘለቀ፦ (ክዳኑን ከፍተው ያሸታሉ።)

ትርንጎ፦ እህ?

ዘለቀ፦ ጀሪካኑን ባስገባሁላት ቁጥር… "እሰይ፣ እጅህ ይባረክ" ትለኛለች እኮ።

ትርንጎ፦ ማርሹ የተሰነጠቀው ዘንድሮ ነው አይደል? እትዬ የሻረግ ከዘይትዎ መሸሽ የጀመሩትስ መቼ ነው?

ዘለቀ፦ እኔ… ምን አውቄ! ወጥ ቤት አልገባ።

ትርንጎ፦ እሳቸው ከእኔ ቀድመው መርምረው ጨርሰዋል፣ ያውም ያለ አሲድ፣ ያለ መሣሪያ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረን፤ የእሳቸውን ውጤት ለሾፌሩ እርስዎ ይነግሩታል ወይስ እኔ ልጻፍለት?