ለእንግዳ የተደበቀው ጭስ

እንዴት አደርሽ መቅድዬ? ልጆቹስ ደህና አደሩ? ነይ፣ በኔ በኩል ቁጭ በይ፤ እዚያ ማዶ ነፋሱ ጭሱን ፊትሽ ላይ ነው የሚያመጣው። ይሄ ገብስ እንዴት ያለ ገብስ ነው እቴ፤ ገና እሳት ሳያገኘው ያብለጨልጫል። ዛሬ ገበያው ጥሩ ሳይሆን አይቀርም። ገና በማለዳው ከአዲስ አበባ የመጣ አይሱዙ ደጃችን ቆሞ ሾፌሩ ከኔ ቆሎ ገዛ። ጨዋ ሰው ነው፤ እጅሽ ይባረክ ብሎኝ ሄደ። ምን ጭነህ ነው አልኩት፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል… ምድጃ ነው አለኝ። ጭስ ማውጫ ያለው፣ ዙሪያውን የተዘጋ ምድጃ። ለአምበር ከተማ የቆሎ ሴቶች የሚሄድ።

እኔም ቆሎውን ቋጠርኩለትና መንገድህን ቀና ያድርግልህ አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ?

ኧረ ዞረሽ አትይ መቅዲ። በር ላይ ተቀምጠው ገብስ የሚለቅሙት ሊቀመንበራችን ስለሳቸው የምናወራ እንዳይመስላቸው። እኔ የሰው ስም ሳነሣ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ? ስለ ንጽሕና ነው የማወራው። ንጽሕናን ማመስገን ደግሞ ኃጢአት አይደለም።

ያቺ ለጭስ ልኬት ከደብረ ማርቆስ የመጣችው ቀጠን ያለች ልጅ ምን ነበር ያለችን? ወፍጮ ቤቱም፣ ዳቦ ቤቱም፣ የኛ የቆሎ ማኅበርም የሚያወጣው ጭስና ጋዝ ሰማይ ላይ እየተጠራቀመ ምድሩን ያሞቀዋል፤ ዝናቡ የተዛባውም አንድም በዚህ ነው አለች። የእያንዳንዱን ማኅበር እንለካለን፣ ከዚያ እንዲቀንስ እናግዛለን፣ ብዙ የሚያጨስ ቀድሞ ምድጃ ያገኛል አለች። እኔ ንባቤ የልጄን የሂዊን የክትባት ካርድ ቢያነብ ነው፣ እሱንም በጣቴ እየተከተልኩ። ይሄ ግን ገባኝ። አንቺስ አልገባሽም? "ለመለካት ስንመጣ ምንም ነገር አትንኩ፤ እንደ ዘወትራችሁ ሥሩ" አለች። እንደ ዘወትራችሁ። ከዚህ የቀለለ አማርኛ ከየት ይመጣል?

ግን ሙያ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ዝም ብሎ አይሰማም። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ቤት እንዳለ ይተዋል እንዴ? ያን ለታ የሆነውን የነገርሽኝ አንቺው ነሽ፤ እኔ አልነበርኩም። ከሦስቱ እሳት አንዱን ብቻ ትተው ሌላውን ሁሉ አስጠፉ። እርጥቡን የባሕር ዛፍ ማገዶ ጓሮ አስወስደው ሸራ አለበሱት። ግድግዳውን ኖራ አስቀቡት፣ ወለሉን ሣር አስጎዘጎዙት፣ ለዚያች ለአንዷ እሳት ደግሞ ከጎረቤት ከሰል ተበደሩላት። የልኬት ልጆቹ መለኪያቸውን ከጣሪያው እንጨት ላይ ሰቅለው፣ የሚነደውን ሊመዝኑ ሚዛን ይዘው ሲመጡ ምን አገኙ? እፍኝ ከሰል። ጠላው ደግሞ ቀዝቅዞ፣ ዳቦው ተቆርሶ ይጠብቃል። በልተው ጠጥተው፣ ሞዴል ማኅበር ናችሁ ብለው፣ ሰርተፊኬት ሰጥተው ሄዱ።

ምስጋና ማግኘት ቀላል ነው? ይኸውና እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አሁንማ ጥቀርሻው አልብሶት… እኔ ንባብ ስለማልችል ነው ወይስ አንቺም ምን እንደሚል አይታይሽም?

እርጥቡ ባሕር ዛፍ በማግሥቱ ከሸራው ሥር ወጣ። ሦስቱም እሳት ተመልሶ ነደደ። ምን ይደረግ፣ ቆሎው በሰርተፊኬት አይቆላ።

ያን ለታ የተጠቀምኩት እኔ ነኝ። "ልጅሽን ይዘሽ ቤትሽ ዋይ፤ ሳሏ ለእንግዳ አያምርም" ተባልኩ። እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ነው? እኔም ሙሉ ቀን አረፍኩ። ሂዊም ሙሉ ቀን አልሳለችም… አንድ ጊዜ እንኳ። ማታ ሳስበው ገርሞኝ ነበር። ለካ ልጄን ሳል የሚይዛት ሥራ ስትገባ ብቻ ነው።

ነርሷ ከጭስ አርቂያት አለችኝ። እሺ አልኳት። አባቷ ለቀን ሥራ ከወጣ ወዲህ ልጅ የሚይዝልኝ ሰው የለኝ፤ ወዴት ነው የማርቃት? ወደ ዋናው መንገድ ዳር፣ ከአይሱዙው ጎማ ሥር? ስትተኛ ደረቷ ሲር ሲር ይላል መቅዲ። ጆሮዬን ለጥፌ አዳምጣለሁ። ሲጮህ እፈራለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። በይ ተይው፣ ይሄ የኔ የድንጉጧ ወግ ነው። ሞዴል ማኅበር ውስጥ የሚወራ አይደለም።

የአምበሮቹ ግን ምን ዓይነት ሴቶች ናቸው? እንግዳ ደጅ ሲቆም ጭራሽ እርጥቡን እንጨት እንደማገዱ፣ ዓይናቸው እያለቀሰ፣ ልጆቻቸውን እንዳዘሉ ወጥተው ተቀበሉ አሉ። ያቺም ልጅ እንባዋን በመሐረብ እየጠረገች ነው ለክታ የወጣችው። ሰው ምን ይለናል አይሉም? ይኸው ለዚህ ነዋ ምድጃው የተጫነላቸው። ቅጣታቸው ነው። ያለ ጭስ እንዲሠሩ ተፈረደባቸው። እኛን ደጉ እግዜር ጠብቆናል… ጠባቂም ሰው አስነሥቶልናል።

ልጅቱ ስትሄድ ስልክ ቁጥሯን ትታ ነበር አሉ። "የለካነው የዘወትር ሥራችሁ ካልሆነ ደውሉልኝ፤ ተመልሰን እንለካለን፤ ሁለተኛው ዙር የሚዘጋው ዓርብ ነው" ብላ። ቁጥሩ ያለው ግን አንድ ሰው ስልክ ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ ማን ነኝ ብዬ እጠይቃለሁ? ማኅበሩን ወክሎ የሚናገረው ማኅተም የያዘው ሰው ነው።

ዛሬ ረቡዕ ነው አይደል?

አይ፣ ቀኑ ጠፍቶብኝ ነው። ይደወል አላልኩም። የተከበረ ሰው ስልክ አንሥቶ "ያ ያያችሁት ቤት ቤታችን አልነበረም" ይላል እንዴ? ማርቆስ ድረስ የተሰማ ስም አለ፤ ለአንዲት ሕፃን ደረት ተብሎ ይሄ ስም ይሰበራል? ልጅ እንደሆነ እኔም ገና ወጣት ነኝ፣ ሌላ እወልዳለሁ። ስም ግን ከየት ይወለዳል?

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ ብሏል። ከልኬቱ ወዲህ አንዳንድ ሰው እሳቱ ዘንድ መቀመጥ ትቶ በር በር ማለት አብዝቷል። ንጹሕ ነው ከተባለ ቤት ውስጥ ምን የሚያሸሽ ነገር አለ? ወይ ለኛ ሰፋ እንዲለን ብለው ይሆናል። ለራሳቸው እኮ አያውቁም፤ ንፋሱንም ብርዱንም ብቻቸውን ነው የሚችሉት፤ የኛን ድርሻ ጭስ አንድም ቀን ነክተውብን አያውቁም።

አሁንም አልዞሩም? ገብሱ ሳያልቅ አልቀረም፤ ባዶ ሰፌድ ነው የሚለቅሙት። ዝም በይ፣ አትሳቂ።

በይ ክፉ ክፉውን ትተን ደስታ እናውራ። ልጃቸው ከአዲስ አበባ መጣች አይደል? የመጀመሪያዋን እናቷ ቤት ልትወልድ። ወሯ ነው አሉኝ፤ ትናንት ሳልፍ አየኋት፣ እንዴት ታምራለች መሰለሽ። ምቀኛ አይደለሁም፤ እናት ስለሆንኩ አንጀቴ ነው የራራው። ከልቤ ልመርቅላቸው፣ አሜን እያልሽ።

ማርያም በሽልም ታውጣት። ጡቷን ወተት ይሙላላት። ክርስትናው በእልልታ ይለፍላት። ከአራስ ቤት ስትወጣም ልጇን የትም አታንከራትተው፤ አያቱ ከዚህ ቤት አይለዩ፣ ቤቱም ንጹሕ ነው ተብሎ ተመስክሮለታል። እዚሁ እሳቱ ዳር፣ ከሂዊ ጋር በአንድ ምንጣፍ፣ እኔው እያየሁላቸው ይደግ። ለኔ ልጅ የሰጣትን ትንፋሽ ለሳቸውም የልጅ ልጅ እንዲሁ አድርጎ ይስጥልኝ።