በግራ እጅ የሚጻፍ ደብተር

ደሴ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ተማሪዎች ከተሸኙ በኋላ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ፤ እልፍነሽ የአራተኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ናት፣ ማንያዘዋል ደግሞ የትምህርት ቤቱ ባለቤትና ርእሰ መምህር፣ በልጅነቱም የእሷ ተማሪ የነበረ።

እልፍነሽ፦ በግራ እጄ? አልሰማሁህም ማኔ፣ እስኪ እንደገና በለው።

ማንያዘዋል፦ ሰምተውኛል እትዬ። በቀኝ እጅዎ ከጻፉት ያምራል። የእርስዎን ጽሕፈት ደግሞ ከተማው በሙሉ ያውቀዋል። በግራ ሲሆን ግን ይንጋደዳል፣ የልጅ ይመስላል።

እልፍነሽ፦ የልጅ ይመስላል!

ማንያዘዋል፦ ሠላሳ ስምንት ደብተር ነው። ሁሉንም ገጽ ይሙሉት አላልኩም። ከመስከረም ጀምሮ ቀን እየጻፉበት፣ በየደብተሩ አሥር አሥር ገጽ ቢሆን ይበቃል። ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘሮች ይመጣሉ። የተማሪ ደብተር አሳዩን ነው የሚሉት። ልጆቹ የሚማሩት በታብሌት ነው፣ እሱን ላሳያችሁ ብል አይሰሙኝም።

እልፍነሽ፦ ለምን ይሰሙሃል? የጠየቁህ ደብተር ነው።

ማንያዘዋል፦ ሌሎቹ መምህራን እኮ ጀምረዋል። ውብሸት የሒሳቡን አሥራ አንድ ጨርሷል።

እልፍነሽ፦ አየሁት እንጂ! ላይብረሪ ቁጭ ብሎ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ በግራ እጁ ሰባት ሲባዛ በስምንት ይሠራል። ሃምሳ አራት ብሎ ይሳሳታል። አውቆ! ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ በቀኝ እጁ ያነሳና ኤክስ ያደርግበታል፣ ከሥሩም "በርታ" ብሎ ይጽፋል። ማንን ነው በርታ የሚለው? ግራ እጁን?

ማንያዘዋል፦ ስሕተት ከሌለበት አያምኑንም ብዬ እኔ ነኝ ያልኩት።

እልፍነሽ፦ አንተ ነህ? በል እሺ። ጽጌማርያምንስ? የደብተሩን ጠርዝ በአውራ ጣቷ እያጠፈች፣ ከምሳ ዕቃዋ ዘይት ጠብ ጠብ ታደርግበታለች። ምን ሆነሻል ብላት "ያገለገለ እንዲመስል ነው" አለችኝ። የሳይንስ መምህርት! ምሳዬን ሳልቀምስ ነው ትቼላት የወጣሁት። ይህን ሁሉ ከነሱ ሰምቻለሁ፣ ካንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት።

ማንያዘዋል፦ እትዬ፣ ይህን ያህል አያክብዱት። የሦስት ቀን ሥራ ነው። ፈቃዳችን የሚታደሰው በዚህ ወር ነው። ካልታደሰ ይዘጋል። አርባ መምህር ቤቱ ይቀመጣል፣ እርስዎም ጭምር።

እልፍነሽ፦ ልጆቹስ?

ማንያዘዋል፦ ልጆቹ ምን ሆኑ? ጎበዞች ናቸው።

እልፍነሽ፦ ጎበዞች? ትናንት መብራት ጠፋ አይደል? ጄኔሬተርህ እንደ ልማዱ አልነሳም አለ። ታብሌቶቹ በሙሉ ቻርጅ ጨርሰዋል። በሉ ልጆች አልኩና ወረቀት አደልኩ፤ ስለ እናታችሁ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ። የዐሥር ዓመት ልጆች ናቸው እንግዲህ።

ማንያዘዋል፦ እሺ?

እልፍነሽ፦ አንዱ እስክሪብቶውን እንደ ዘነዘና በጡጫው ጨብጦ ወረቀቱን ቀደደው። አንዷ ወረቀቱን በጣቷ ወደ ጎን ገፋ ገፋ ታደርጋለች፣ ቀጣዩ ገጽ እንዲመጣላት። አቤኔዘር ደግሞ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ መብራት ሲመጣ ብጽፍስ?" ይለኛል። ፀሐይዋ በመስኮት ዓይኑ ላይ እያበራች!

ማንያዘዋል፦ አይ አቤኔዘር! ልጅ እኮ ያስቃል።

እልፍነሽ፦ አትሳቅ። የሚያስቀውን መች ነገርኩህ። አንዲት ልጅ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ተመስገን፣ አንድ እንኳ አለችኝ ብዬ ሄጄ አየሁላት። የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የደረደረችው። ታብሌቱ ላይ እንደምትነካካው፣ እናቴ የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋ፣ እጇን አጣምራ ወረቀቱን ታየዋለች። ምን እየጠበቅሽ ነው አልኳት። "ወደ አማርኛ እስኪቀይረው" አለችኝ።

ማንያዘዋል፦ ማን?

እልፍነሽ፦ ወረቀቱ።

ማንያዘዋል፦ አይ፣ ልጅቷ ማን ናት ማለቴ ነው።

እልፍነሽ፦ ሶልያና።

ማንያዘዋል፦ የኔ ሶልያና?

እልፍነሽ፦ ክፍሌ ውስጥ ሌላ ሶልያና የለችም።

ማንያዘዋል፦ ቀልዳብዎት ነው። ተጫዋች ናት እኮ። ባለፈው ስለ እሳተ ገሞራ ያዘጋጀችውን አላዩም? ምስሉ፣ ድምፁ፣ እሳቱ ከተራራው ሲፈነዳ... እንግዶቹ ተነሥተው ነው ያጨበጨቡላት። በአማርኛ ዘጠና ስምንት ያመጣች ልጅ እናቴ ብሎ መጻፍ ያቅታታል?

እልፍነሽ፦ ዘጠና ስምንቱን ያመጣው ታብሌቱ ነው። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይጽፋል። እሷ ትሳሳታለች፣ እሱ ያርማል። ሽልማቱንም ለሱ ስጠው። ለመሆኑ ልጅህ በእጇ ስትጽፍ አይተህ ታውቃለህ? ዘንድሮ? አንድ ቀን?

ማንያዘዋል፦ እኔ መች ቤት እውላለሁ እትዬ?

እልፍነሽ፦ ኬጂ ሳለች ስሟን ጽፋ ኮሪደሩ ላይ ተለጥፎላት ነበር። አቤት ሲያምር! ቆሜ ነበር ያየሁት። ሦስተኛ ክፍል ሲገቡ እስክሪብቶውን ነጠቅናቸው፣ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆን ነው፣ እጃቸው ረሳው። ሲነጠቁ አንድ እንኳ ያለቀሰ የለም። ልጅ አይደሉ? ምን እንደተወሰደባቸው በምን ያውቃሉ?

ማንያዘዋል፦ ነጠቅናቸው አይበሉ። ዓለም ነው የተወው። ዛሬ በእጁ የሚጽፍ ማን አለ? እኔ ራሴ ከፊርማ ሌላ እስክሪብቶ ከነካሁ ዓመት አልፎኛል።

እልፍነሽ፦ አንተ ካወቅከው በኋላ ተውከው። እሷ ግን ሳታውቀው ነው የቀረባት። ደግሞስ፣ ዓለም ከተወው ለምንድን ነው ውብሸትን በግራ እጁ የምታስጽፈው?

ማንያዘዋል፦ ለሱፐርቫይዘሮቹ ነዋ እትዬ።

እልፍነሽ፦ በሩ ላይ "ደብተር አልባው ትምህርት ቤት" የሚል ባነር ሰቅለህ፣ ጓሮ ደብተር ታስፈበርካለህ።

ማንያዘዋል፦ ባነሩን ጠዋት አስወርጄዋለሁ።

እልፍነሽ፦ አይቻለሁ። ማክሰኞ መልሰህ ትሰቅለዋለህ።

ማንያዘዋል፦ ወላጅ ስለሚወደው ነዋ! ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ታብሌት ነው።

እልፍነሽ፦ ቱ! ወላጅ የማያውቀውን ነዋ የሚወደው። አንተ ግን ታውቃለህ።

ማንያዘዋል፦ እኔ የማውቀውን ልንገርዎት? ቃል ሲያጽፉን ፊደል ከመስመር ከወጣ ጣቴን በማስመሪያ ይመቱኝ ነበር። በጎኑ! እዚህች ጋ አሁንም ብርድ ሲሆን ትጠዘጥዘኛለች። ልጄ እንደዚያ አትማርም ብዬ ነው ይህን ትምህርት ቤት የከፈትኩት። እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፣ ጊዜው እንደዚያ ነበር።

እልፍነሽ፦ የለም፣ ውቀሰኝ። መትቼሃለሁ፣ አጥፍቻለሁ። ማስመሪያውን ብትጥለው እጅህን እስመው ነበር። አንተ ግን ማስመሪያውን ስትጥል እስክሪብቶውንም አብረህ ጣልከው።

ማንያዘዋል፦ እሺ፣ ካነሣነው አይቀር ሁሉንም እናንሣው። የነዚህ ልጆች የአማርኛ ውጤት ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው?

እልፍነሽ፦ የኔ ነው።

ማንያዘዋል፦ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ይዘዋቸው መጥተዋል። በየሴሚስተሩ፣ ሠላሳ ስምንቱም "መጻፍ ይችላል"፣ "መጻፍ ትችላለች" ተብሎ ተፈርሞባቸዋል። እኔ አልፈረምኩም። ነገሩ ከወጣ መጀመሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት እትዬ። ለእርስዎ ብዬ ነው የምናገረው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ያስተማሩበት ስም በአንድ ቀን ይበላሻል።

እልፍነሽ፦ ይህን እስክትል ነበር ስጠብቅ የቆየሁት።

ማንያዘዋል፦ ዛቻ እንዳይመስልዎት።

እልፍነሽ፦ ዛቻ ነው፣ ግን ልክ ነህ። አንተን ብቻ የተጸየፍኩ እንዳይመስልህ። ጡረታ ወጥቼ ቤት መቀመጥ ሲያቅተኝ አንተ ጋ መጣሁ። ዝርዝሩን ከነውጤቱ ይዘህልኝ ስትመጣ፣ ያየሁት መሰለህ? ልጆቹ እስክሪብቶ እንደማይነኩ ዓይኔ እያየ ፈረምኩ። ደስ ብሎኝ! እርማት ቀረልኝ፣ ያን ሁሉ ደብተር ተሸክሜ ዳገቱን መውጣት ቀረልኝ፣ ወገቤ ዐረፈ። ለገዛ ወገቤ ብዬ ነው የልጆቹን እጅ የሰጠሁህ። ትናንት ሶልያና ወረቀቱ ላይ አፍጥጣ ሳያት፣ ራሴን አስጠላኝ። ከውብሸት ግራ እጅ በላይ የኔ ቀኝ እጅ አስጠላኝ።

ማንያዘዋል፦ እንግዲያውስ ሁለታችንም አለንበት። ይህቺ ሰኞ ትለፍልን። ከዚያ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ የእጅ ጽሕፈት አስገባለሁ።

እልፍነሽ፦ ማል።

ማንያዘዋል፦ እናቴ ትሙት!

እልፍነሽ፦ ምስኪን እናትህ። ባለፈው ዓመትም በሷው ምለህልኝ ነበር።

ማንያዘዋል፦ ስሚ! አርባ ቤተሰብ ከዚህ ግቢ ነው የሚበላው! አንቺ አንድ ቀን ሕሊናሽ ስለቆረቆረሽ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይበተን?

እልፍነሽ፦ "ስሚ"?

ማንያዘዋል፦ ይቅርታ እትዬ። አመለጠኝ። አፌን ይቁረጠው።

እልፍነሽ፦ ለምን ይቆርጠዋል? ከገባሁ ጀምሮ ከልብህ ያወጣሃት ቃል እሷ ብቻ ናት። አርባውን ቤተሰብም አልረሳሁም፣ ጽጌማርያም ሦስት ልጆች እንዳሏት አውቃለሁ። ግን እነዚያ ልጆች ያድጋሉ። የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው ፊት፣ ወረቀት ይሰጣቸዋል። ያን ዕለት የሚያፍሩት እነሱ ናቸው፣ አንተና እኔ አጠገባቸው አንኖርም።

ማንያዘዋል፦ አልጽፍም ነው መልስዎ?

እልፍነሽ፦ በግራዬም በቀኜም አልጽፍልህም።

ማንያዘዋል፦ እሺ፣ ይተዉት። ሽማግሌ ሰው አላስገድድም። ለውብሸት እሰጠዋለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ገብቶ ይጨርሰዋል። የደብተሩ ካርቶን ክፍልዎ ውስጥ ነው አይደል?

እልፍነሽ፦ ካርቶኑ አለ።

ማንያዘዋል፦ በቃ፣ ዘበኛው ያምጣልኝ።

እልፍነሽ፦ ደብተር የለበትም።

ማንያዘዋል፦ የለበትም ማለት?

እልፍነሽ፦ ልጆቹ ወስደውታል። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ አደልኳቸው።

ማንያዘዋል፦ ምን አደረጉ? ማን አድሉ አለዎት?

እልፍነሽ፦ ደብተር የተማሪ ነው ማኔ፣ ለማን ልስጠው? የቤት ሥራም ሰጥቻቸዋለሁ። እቤት ስትደርሱ እናትና አባታችሁ አጠገብ ተቀመጡ፣ ታብሌቱን አርቁ፣ ስለ ቤታችሁ አንድ ገጽ ጻፉ፣ ወላጅ ከሥሩ ይፈርም። ሱፐርቫይዘሮቹ ሰኞ ደብተር አምጡ ሲሉ ደብተር ይቀርባል። በገዛ እጃቸው የጻፉት፣ ወላጅ ያየው።

ማንያዘዋል፦ አብደዋል! ሠላሳ ስምንት ወላጅ ልጁ ፊደል ሲጠፋበት ቁጭ ብሎ እንዲያይ? ነገ በሩን ሰብረው ነው የሚገቡት! ለምን እንደዚህ ሆነ ሲሉ ምን እላቸዋለሁ? እርስዎስ ምን ይላሉ?

እልፍነሽ፦ እኔማ ብያለሁ።

ማንያዘዋል፦ ምን ብለዋል?

እልፍነሽ፦ ጠዋት ካርቶኑን ክፍሌ በር ላይ አስቀምጠህ ሄድክ። ክፍት ክፍለ ጊዜዬን ሁሉ ስጽፍበት ዋልኩ። በያንዳንዱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በቀኝ እጄ፣ ከተማው በሚያውቀው ጽሕፈት። "ልጅዎ መጻፍ ይችላል ብዬ የፈረምኩት ውሸት ነው። አይችልም። ያላስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እልፍነሽ ቦጋለ።" ሠላሳ ስምንት ጊዜ። ጣቴ አሁንም አልታጠፍ ብሎኛል።

ማንያዘዋል፦ ኧረ በሕግ አምላክ! ሾፌሮቹ... ለሾፌሮቹ ልደውል፣ ልጆቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው።

እልፍነሽ፦ ሰርቪሶቹ ከወጡ ሰዓት አልፏቸዋል። አሁን ሁሉም ቤቱ ገብቷል።

ማንያዘዋል፦ የኔስ? ለሶልያናም ሰጧት?

እልፍነሽ፦ እሷ ከማን ታንሳለች? መጀመሪያ የሰጠሁት ለሷ ነው። ስልክህ እየጮኸ ነው እኮ፣ አታነሳውም?

ማንያዘዋል፦ ባለቤቴ ናት።

እልፍነሽ፦ አንሣላት እንጂ።

ማንያዘዋል፦ አንብባዋለች ማለት ነው። እትዬ፣ በሞቴ፣ ምን ልበላት?

እልፍነሽ፦ የኔን ጽፌላታለሁ። ያንተን አንተ ንገራት።