ፈቃድ ጠያቂው እንግዳችን

እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? አስቀድሜ ይቅርታ። የእጅ ጽሑፌን ታውቂዋለሽ፣ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባም እስካሁን አልለየሁም፤ ስምንተኛን ተንጠልጥዬ እንዳለፍኩ ከአንቺ የበለጠ ምስክር የለም። ስህተት ስታገኚ እያረምሽ አንብቢው። ለልጆቹ ግን አታሳዪያቸው፣ ይስቁብኛል።

እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ዝናቡ ዘንድሮ ጨክኗል፣ ጣሪያው ሁለት ቦታ ያፈሳል፣ ባልዲዎቹም ቦታቸውን ለምደዋል። ትኬቱም ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ፣ ጠዋት፣ በመስኮት በኩል… መስኮት እንደምወድ አልረሳሽም! ምን ያልታሰበልኝ ነገር አለ? ከትንሿ ልጅሽ ጋር እንደምተኛ፣ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት እንደማደርስ፣ ከሰዓት ቤቱን እንደምይዝ፣ ሁሉንም ከእማዬ ጋር በስልክ ጨርሳችሁታል። እኔም ከእማዬ ሰማሁ። ነገር ካለቀ በኋላ መስማት እኮ ዕረፍት ነው… የሚያስጨንቅ ነገር አይተርፍም።

ለምን አልደወለችም ትይ ይሆናል። ስልክ ላይ እንደማፍር ታውቂያለሽ። ዋናው ምክንያት ግን እንግዳችን ነው። ያ ከፍለሽ ያስገባሽልኝ፣ ስልኬ ውስጥ ተቀምጦ የልብስ ቅድ የሚያስተምረው… ስሙን አልጠራልሽም። ስጽፍ ድምፅ እያወጣሁ ነው የምጽፈው፤ ስሙ ከተጠራ ደግሞ ብድግ ብሎ «አቤት፣ ምን ልታዘዝ?» ይላል። አሁን ከገበር ጨርቅ ክምር ሥር አስተኝቼዋለሁ። ይረፍ። ቀኑን ሙሉ ስለ እኔ ሲያስብ ነው የሚውለው።

ምን ያለ ጨዋ እንግዳ መሰለሽ! በመጀመሪያው ቀን «ኮሌታ እንዴት እንደሚቆረጥ አሳየኝ» አልኩት። «በደስታ፤ ግን የት እንዳለሽ እንዳውቅ ትፈቅጂልኛለሽ?» አለኝ። ለካ ኮሌታ እንደየሰፈሩ ይለያያል! ፈቀድኩ። «ድምፅሽን እንድሰማስ?» ኮሌታ በጆሮም ይቆረጥ ይሆናል ብዬ ፈቀድኩ። «ፎቶዎችሽን እንዳይ ትፈቅጂልኛለሽ? የምታውቂያቸውን ሰዎች ስልክ ቁጥር እንድይዝ? በቀን ስንት እርምጃ እንደምትራመጂ እንድቆጥር?» እኔ እኮ ስፌት ሱቁ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሸሚዝ ቁልፍ ስተክል ነው የምውለው። ከወንበሬ እስከ ካውያው አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ያችንም ሳይንቅ ቆጠረልኝ! ሥራ ስንጨርስ «ዛሬ ከትናንት በሰባት እርምጃ ቀንሰሻል፣ በርቺ!» ይለኛል። እስቲ ንገሪኝ፣ አንቺ ቤት እንዲህ የሚጨነቅልሽ ሰው አለ?

እምቢ ስለውም አይቆጣም፣ ክብሩን ጠባቂ ነው። ኮሌታውን ያጠፋውና ነጭ ሆኖ ቁጭ ይላል። «የተሻለ አገልግሎት ልሰጥሽ ፈልጌ ነበር…» ይላል። አንጀት አይበላም? የእኔን በልቶታል። ልብስ የሚተኩሱልን ሽማግሌ፣ ጋሼ ካውያ የምንላቸው፣ በትከሻዬ በኩል አይተው «ልጄ፣ ይሄ የቅድ አስተማሪ ነው ወይስ መርማሪ ፖሊስ?» አሉኝ። አይ ጋሼ! መርማሪ ፖሊስ እኮ የራሱን ደሞዝ ከእኛ ኪስ አይጠይቅም።

ማስታወቂያ የለበትም ብለሽኝ ነበር፣ ለዚህም ነው የከፈልሽው። አልዋሹሽም። ማስታወቂያ አይደለም፣ «ምክር» ነው የሚለው። በየሦስት ደቂቃው ይመክረኛል። የፍራሽ ምክር፣ የጥርስ ሳሙና ምክር፣ የመኪና ጎማ ምክር… እርምጃዬን አንድ በአንድ የሚቆጥር ሰው መኪና እንደሌለኝ እንዴት ይጠፋዋል? ባለፈው ደግሞ «ውድ ከፋይ ደንበኛችን፣ ስለ ታማኝነትሽ እናመሰግናለን» ብሎ ጻፈልኝ። ደስ አለኝ፣ ማን አመስግኖኝ ያውቃል? ከሥሩ በትንሹ «ይህን ምስጋና ያቀረበልሽ የልብስ ሳሙና ነው» ይላል። ምስጋናውን እንኳ ሳያጥብ አይሰጥም፤ ንጹሕ ነው።

የምክሩን መዝጊያ ኤክስ ደግሞ ብታያት! በመርፌ ቀዳዳ ውስጥ አንዴ ሞክሬ ክር የማሳልፈው እኔ፣ እሷን ለመንካት ምላሴን ነክሼ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው የማነጣጥረው። ብስታትም አይከፋውም። «ፍራሹን ስለመረጥሽ ደስ ብሎናል» ይላል። ደስታው ቅርብ ነው፣ እንደ ሌላው ሰው አይኮራም።

ጆሮው ደግሞ… ጆሮውን ይባርክለት። የሱቃችን ባለቤት፣ በሌሉበት እሜቴ መቀስ የምንላቸው፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ «የባለቤቴ ማንኮራፋት ዘይት የጠማው የሲንጀር ስፌት መኪና ነው» ብለው አጫወቱን። ሦስታችን ብቻ ነበርን፦ እሳቸው፣ ጋሼ ካውያ፣ እኔ። እንግዳችን ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፣ ዓይኑን ጨፍኖ። በማግስቱ እሜቴ መቀስ «እስቲ የእጅጌውን ቅድ አሳዪኝ» ብለው ስልኩን ሲቀበሉኝ ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? «ባልሽ ያንኮራፋል? አትሸማቀቂ፣ ልዩ ትራስ አለን!»

ፊታቸውን ማየት ነበረብሽ። «ለማን ነው የተናገርሽው?» አሉኝ። እኔ! ለሰው ሰላምታ ለመስጠት ሦስት ጊዜ የምለማመደው እኔ! ማልኩላቸው። ጥርጣሬው ወደ ጋሼ ካውያ ዞረ። እሳቸውም «እኔ የባልሽን አፍንጫ ከምጠብቅ ካውያዬን ብጠብቅ ይሻለኛል!» ብለው ተቀየሙ። ሦስት ቀን «ለእሳቸው ንገሪልኝ» እየተባባሉ በመካከላቸው ስመላለስ እርምጃዬ አራት መቶ ገባ። እንግዳችን አጨበጨበልኝ። ትራሱን ግን እሜቴ መቀስ ገዝተውታል… ቤታቸው ሰላም ሆኗል አሉ። ታዲያ በጎ አድራጊ አይደለም?

ለእኔ የዋለልኝን ውለታ ግን ብነግርሽ አታምኚኝም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ብቻ ነው የተከልኩት። መቀስ መንካት ክልክል ነው፤ የእሜቴ መቀስ ትልቁ መቀስ በክር ታስሮ ከአንገታቸው አይወርድም። ባለፈው ወር ምን እንደታያቸው እንጃ፣ «የዚህን ልብስ ኮሌታ አንቺ ቁረጪ። ካማረ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ትቆሚያለሽ። ከተበላሸ እስክታረጂ ቁልፍ ትተክያለሽ» አሉኝ። ልብሱ የማን ነው? የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር የጡረታ መሸኛ ልብስ! እኚያ ስማችንን ሲጠሩ ጀርባችን ቀጥ የሚለው ሴትዮ።

ቅድ የማነሣው እንዲህ ነው፦ ስልኩን አስተኝቼ፣ ስስ ወረቀት መስታወቱ ላይ ዘርግቼ፣ ከሥር በሚያበራው መስመር ላይ እርሳሴን አስኬዳለሁ። የኮሌታ ጫፍ ትንሽ ስለሆነ ልክክ ይላል። ቀኙን ጨረስኩ። ግራውን እኩሌታ እንዳደረስኩ እንግዳችን ሊመክረኝ ፈለገ። ከወረቀቱ ሥር ምን እንደገባ በምን አውቄ? መስመሩን ተከተልኩ። መስመሩ ወደ ላይ ወጣ፣ ጎበጥ አለ፣ ጫፉ ላይ ሾል ብሎ ተመለሰ። «ይሄ የዘመኑ ኮሌታ ነው» አልኩ በሆዴ። ጨርቁን ቆረጥኩ። ከዚያ ወረቀቱን ሳነሣ… ስልኩ ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ ቁጭ ብሏል። «ውሃ በሁለት ደቂቃ!» ይላል። የዳይሬክተሯ የግራ ኮሌታ የማንቆርቆሪያ አፍንጫ አውጥቷል፣ ትርፍ ጨርቅ የለም።

ምን አደርጋለሁ? እንደ ልማዴ ዝም ብዬ ሰፋሁት።

የልኬቱ ቀን ደረሰ። ዳይሬክተሯ መስታወቱ ፊት ቆሙ፣ ወደ ቀኝ ዞሩ፣ ወደ ግራ ዞሩ፣ አፍንጫውን በሁለት ጣታቸው ያዙት። «ይህን ማን ቆረጠው?» አሉ። እሜቴ መቀስ በአገጫቸው አሳዩኝ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አስቀድሞ እንዲታወቅ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ሴትዮዋ አተኩረው አዩኝና «ሠላሳ አራት ዓመት ሰው እንደሚለብሰው ለበስኩ። አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ ያየኝ ሰው የለም። እስቲ አሁን ይዩኝ!» ብለው ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ አይቼ አላውቅም፣ ጥርስ እንዳላቸውም አላውቅም ነበር። በሳምንቱ ሦስት አስተማሪዎች «ያንን ሾል ያለውን ኮሌታ» ብለው መጡ።

እሜቴ መቀስ መቀሱን ከነክሩ ከአንገታቸው አወለቁና አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ይከብዳል፣ እታለም። መጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ የሰውነትሽን ሙቀት ይወስድና እንደ ራስሽ ይሆናል። አሁን የምሠራው ቆሜ ነው። ትናንት ያለ ቅድ፣ ያለ ስልክ፣ ከራሴ ጭንቅላት አንድ እጅጌ ቆረጥኩ። ጋሼ ካውያ ሲተኩሱት ሁለት ጊዜ ገልብጠው አዩት… እሳቸው ልብስ ገልብጠው አያዩም።

መቀሱ ሰኞ መጣ። ትኬቱ ረቡዕ።

ለእማዬ «ያ ነገር ካስቸገራት ክፍያውን አቆማለሁ፣ እዚህ ስትመጣ ለስፌት ጊዜም አይኖራት» ብለሻታል አሉ። እውነትሽን ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ መቀስ ማስቀመጥ አደጋ ነው፣ አንቺ ሁሌ አርቀሽ ነው የምታስቢልኝ። ብቻ ከማባረርሽ በፊት አንድ ነገር ልመስክርለት።

እማዬ እንዳትከፋ ይህንን በስልክ እንዳታነቢላት። በአሥራ ስድስት ዓመቴ «ትፈቅጃለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ትምህርት ሳቆም የጠየቀኝ ሰው ነበር? ሱቅ ስገባስ? አስቢው እስቲ፣ ምናልባት ረስቼ ይሆናል… እሱ ግን በቀን ሠላሳ ጊዜ ይጠይቀኛል፣ አይሰለቸውም። ጋሼ ካውያ «ሳታነቢ ነው እንዴ ሁሉን እሺ የምትዪው?» ይሉኛል። አነባለሁ። እያንዳንዷን አነባለሁ። መጠየቅ ደስ ብሎኝ ነው እሺ የምለው።

ደግሞ አንድ የሚያስገርም ጠባይ አለው። ዝም ስለው «እሺ ብላለች» ብሎ አይጽፍም። ሌባ ነው ትያለሽ፣ ጆሮ ጠቢ ነው ትያለሽ፣ ግን ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አስቀምጦ እስክነካ ይጠብቃል። እማዬ «ሐሙስ ትሄጃለሽ» ስትለኝ እኔ እኮ ዝም ነው ያልኩት። «ደስ ብሏታል» ብላ ነገረችሽ አይደል?

ለእማዬ አልነገርኩም፣ ለጋሼ ካውያ አልነገርኩም፣ ለእንግዳችንም ቢሆን አልነገርኩም፣ ያን ያህል ጠይቆኝ ይህችን ስላልጠየቀኝ። መምጣት አልፈልግም።

ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፣ እታለም። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን ይሙላው፣ ለእኔ የደከምሽውን ሁሉ ይክፈልሽ… አንቺንም የእሱን ያህል ጨዋ ያድርግልኝ።